ብርቱካናማው ፕሪንስ፦ አንዲ ዋርሆል፣ ሊን ጎልድስሚዝ እና የአንድ ፎቶግራፍ ክርክር

ሙዚቀኛው ፕሪንስ አፕሪል 21 ቀን 2016 በሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው መኖሪያው ሞቶ ሲገኝ ዕድሜው 57 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐዘኑ ሰፊ ስለነበር መጽሔቶች ልዩ እትም ለማውጣት ተሽቀዳደሙ። የቫኒቲ ፌር መጽሔት አሳታሚ የሆነው ኮንዴ ናስት ለመታሰቢያ እትሙ ሽፋን የመረጠው የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የአንዲ ዋርሆልን ሥራ ነው። መደቡ ሙሉ በሙሉ ብርቱካናማ ነው። በመካከሉ ከአንገት በታች አካል የሌለው የፕሪንስ ፊት ተቀምጧል። ፀጉሩና ቅንድቡ በጥቁር ቀለም ጎልተዋል፤ ዓይኖቹ ቀጥ ብለው ያያሉ። ዋርሆል ከሞተ 29 ዓመት አልፎት ስለነበር አሳታሚው 10 ሺህ ዶላር የከፈለው የሠዓሊውን የቅጅ መብት ለያዘው ለአንዲ ዋርሆል ፋውንዴሽን ነበር። በመጽሔቱ ላይ ለምስሉ የተጠቀሰው ስምም የዋርሆል ብቻ ነው።

ፎቶግራፍ አንሺዋ ሊን ጎልድስሚዝ ያንን ሽፋን ስታይ የራሷን ሥራ አወቀች። ከ34 ዓመታት በፊት በስቱዲዮዋ ያነሳችው የፕሪንስ ፊት ነው። ስሟ አልተጻፈም፤ ክፍያም አልደረሳትም። እንዲህ ያለ ሥዕል መኖሩን ራሱ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ የተነሳው ክርክር በሦስት ፍርድ ቤቶች አልፎ ሜይ 18 ቀን 2023 በዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ7 ለ2 ድምፅ ተቋጨ። ውሳኔው በወጣ ሰሞን ዋርሆል ሌባ ተባለ ብለው የተደሰቱ ነበሩ፤ ፖፕ አርት (የሸቀጥ፣ የማስታወቂያና የዝነኞችን ምስል ወስዶ የሚሠራው የዋርሆል ዓይነት ሥዕል) ተከለከለ ብለው የደነገጡም ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች ውሳኔው ያላለውን ነው ያነበቡት። እኔ የዋርሆልን ሥራ ከልብ ከሚወዱት ወገን ነኝ። በዚህ ጉዳይ ግን ጎልድስሚዝ ልክ ነበረች ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማለት የሠዓሊውን ታላቅነት መካድ አያስፈልግም፤ የጉዳዩን ዝርዝር ቀስ ብሎ መከተል በቂ ነው።

ፎቶግራፉ

ጎልድስሚዝ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የአሜሪካን የሮክና የፖፕ ሙዚቃ ዓለም በካሜራቸው ከመዘገቡት ባለሙያዎች አንዷ ናት። ኤልጂአይ የተባለ የፎቶግራፍ ድርጅትም አቋቁማ ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት እንጀራ የሚገኘው ምስልን አንድ ጊዜ ሸጦ በመገላገል አይደለም። ፎቶግራፉ የአንሺው ሆኖ ይቆያል፤ መጽሔቱ የሚገዛው የአጠቃቀም ፈቃድ ነው። በየትኛው እትም፣ በምን ያህል የገጽ ስፋት፣ ለስንት ጊዜ እንደሚወጣ በደረሰኙ ላይ ይጻፋል። ምስሉ ሌላ ጊዜ ካስፈለገ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ክፍያ ይጠየቃል። አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በጉልበቱ ዘመን ያነሳው ምስል በእርጅናው የሚጦረው በዚህ አሠራር ነው። አንድ ኮከብ ሲሞት ደግሞ የድሮው ምስል እንደገና ይፈለጋል።

በዲሴምበር 1981 ኒውስዊክ መጽሔት ፕሪንስን እንድታነሳ አዘዛት። ሙዚቀኛው 23 ዓመቱ ነበር፤ ስሙ ገና እየወጣ ነው። ኮንሰርት ላይ አነሳችው፤ ከዚያም ኒውዮርክ በሚገኘው ስቱዲዮዋ ተቀበለችው። መብራቱን የፊቱ አጥንት ቅርጽ እንዲጎላ አድርጋ አቆመች። ከነበረበት መኳኳያ በተጨማሪ ሐምራዊ የዓይን ቅብና የሚያብረቀርቅ የከንፈር ቅባት ቀባችው። ነጭ ግድግዳ ፊት አቁማ ማንሳት ስትጀምር ግን ወጣቱ ምቾት አልተሰማውም። ጥቂት ከተነሳ በኋላ ወደ መኳኳያው ክፍል ገብቶ ቆየ፤ በኋላም መሄድ እንደሚፈልግ ተናገረ። ኒውስዊክ ያተመው የኮንሰርቱን ፎቶግራፍ ነው። የስቱዲዮዎቹ ምስሎች በጎልድስሚዝ ማኅደር ውስጥ ተቀመጡ።

ከእነዚያ አንዱን ጥቁርና ነጭ ምስል አስተውሎ ላየ ሰው ሥራዋ ግልጽ ነው። ፕሪንስ መድረክ ላይ የሚታወቅበት ድፍረት የለም። ዓይኖቹ ካሜራውን ያያሉ፤ ትከሻው ግን ወደ ኋላ የሚል ይመስላል። ያንን ቅጽበት ያመጡት መብራቱ፣ ቅቡ፣ ርቀቱና ጣቷ በመዝጊያው ላይ የዋለበት ጊዜ ናቸው። ፎቶግራፍ የመሣሪያ ውጤት ብቻ ነው የሚለው ክርክር በአሜሪካ ሕግ የተዘጋው በ1884 ነው። ያን ጊዜ ናፖሊዮን ሳሮኒ የተባለ አንሺ ደራሲውን ኦስካር ዋይልድን ያነሳበት ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ተባዝቶበት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ረታ። አቀማመጡን፣ ልብሱንና ብርሃኑን የመረጠው ሳሮኒ ስለሆነ ሥራው የእሱ ፈጠራ ነው ተባለለት።

አራት መቶ ዶላር

በ1984 ፕሪንስ የዓለም ኮከብ ሆነ። በዓመቱ አጋማሽ የወጣው «ፐርፕል ሬይን» ፊልምና አልበም ስሙን በየቤቱ አስገባው። ቫኒቲ ፌርም ስለ እሱ ጽሑፍ አዘጋጀና ከጽሑፉ ጋር የሚወጣ ምስል እንዲሠራ ዋርሆልን ጠየቀ። ሠዓሊው የሚነሳበት ፎቶግራፍ ያስፈልገው ስለነበር መጽሔቱ ለኤልጂአይ ጥያቄ አቀረበ። ድርጅቱ በ400 ዶላር ፈቃድ ሰጠ።

የፈቃዱ ይዘት የኋላው ክርክር መሠረት ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ፎቶግራፉ ለአንድ ሠዓሊ መነሻ ሆኖ እንዲያገለግል ተፈቀደ። ከእሱ የሚሠራው ምስል በኖቬምበር 1984 እትም አንድ ጊዜ በሙሉ ገጽ፣ አንድ ጊዜ በሩብ ገጽ ይወጣል። ከዚያ ውጭ ሌላ ማንኛውም አጠቃቀም አልተፈቀደም። የፎቶግራፍ አንሺዋም ስም ይጠቀሳል። ሠዓሊው ማን እንደሚሆን ጎልድስሚዝ አታውቅም ነበር።

መጽሔቱ ቃሉን ጠበቀ። በሐምራዊ ቀለም የተሠራው የፕሪንስ ፊት በኖቬምበሩ እትም ወጣ፤ የጎልድስሚዝም ስም የመነሻው ፎቶግራፍ ባለቤት ተብሎ ታተመ። ዋርሆል ግን በአንድ ምስል አላቆመም። ከዚያው ፎቶግራፍ በጠቅላላው 16 ሥራዎችን ሠራ፦ 12 በሸራ ላይ የታተሙ፣ 2 በወረቀት ላይ የታተሙና 2 በእርሳስ የተነደፉ። ብርቱካናማው ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለ ቀሩት 15 ሥራዎች ለአንሺዋ የነገራት አልነበረም።

ዋርሆልና የሰው ምስል

ዋርሆል ለምን በአንዱ አላቆመም? መልሱ ከሥራው ባሕርይ ጋር የተያያዘ ነው።

አንዲ ዋርሆል በኦገስት 1928 በፒትስበርግ ተወለደ። ወላጆቹ በዛሬዋ ስሎቫኪያ ከምትገኘው ሚኮቫ መንደር የመጡ የሩሲን ብሔረሰብ ስደተኞች ነበሩ። አባቱ የጉልበት ሠራተኛ ነበር፤ ልጁ 13 ዓመት ሳለ ሞተ። በልጅነቱ የያዘው እጅና እግርን የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ አዋለው። በአልጋው ዙሪያ የፊልም ተዋንያን ምስል የያዙ መጽሔቶች ነበሩ። እሑድ እሑድ ደግሞ ከእናቱ ከዩሊያ ጋር ወደ ምሥራቃዊ ሥርዓት ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። እዚያ የቅዱሳን ሥዕላት በረድፍ ተደርድረው፣ በወርቃማ መደብ ላይ ፊት ለፊት እያዩ ይቆማሉ። በሥዕለ ቅዱሳን መካከል ላደገ የአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያው መልክ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይገለበጣል፣ መገልበጡም ከክብሩ አይቀንስም። ዋርሆል በ1962 ማሪሊን ሞንሮን በወርቃማ መደብ መካከል ሲያስቀምጣት ብዙ የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ያንን ቤተ ክርስቲያን አስታውሰዋል። እኔም አምናቸዋለሁ።

በ1949 በፒትስበርግ የካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም ትምህርቱን ጨርሶ ኒውዮርክ ገባ። በ1950ዎቹ የጫማ፣ የሽቶና የልብስ ማስታወቂያ እየነደፈ በከተማው ከሚፈለጉት የንግድ ሠዓሊዎች አንዱ ሆነ። ያን ጊዜ የሚተዳደረው መጽሔቶችና የማስታወቂያ ድርጅቶች በየሥራው በሚከፍሉት ገንዘብ ነው። እናቱ በ1952 መጥታ ከእሱ ጋር መኖር ጀመረች። የእጅ ጽሕፈቷ ውብ ስለነበር በሥራዎቹ ላይ ጽሑፉን እሷ ትጽፍለት ነበር። በ1957 ለወጣ፣ ሙንዶግ የተባለ ሙዚቀኛ አልበም ሽፋን በጻፈችው ጽሑፍ የንድፍ ሽልማት ስታገኝ የተጠቀሰችው «የአንዲ ዋርሆል እናት» ተብላ ነው። ዩሊያ ዋርሆላ የሚለው ስሟ አልተጻፈም። ይህንን ከጎልድስሚዝ ጉዳይ ጋር አጥብቄ ማያያዝ አልፈልግም፤ ግን ከሥራው በስተጀርባ ያለ እጅ ስም ሳይጠራ ሲቀር ዋርሆል ከቅርብ ያየው ነገር ነበር።

በጁላይ 1962 በሎስ አንጀለስ ፌረስ ጋለሪ 32 የካምቤል ሾርባ ቆርቆሮዎችን የሚያሳዩ ሸራዎች አቀረበ። ለእያንዳንዱ የሾርባ ዓይነት አንድ ሸራ ማለት ነው። የአንዱ ዋጋ 100 ዶላር ነበር። ጥቂቶቹ ብቻ ገዢ አገኙ። የጋለሪው ባለቤት ኧርቪንግ ብለም ሥራዎቹ አንድ ላይ መቆየት አለባቸው ብሎ የተሸጡትን አስመለሰና ሁሉንም በ1,000 ዶላር፣ በየወሩ 100 ዶላር እየከፈለ ለራሱ ገዛቸው። ዛሬ በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። የሾርባው ኩባንያ አልከሰሰውም። በ1964 ከኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ አድናቆቱን ጽፎ የቲማቲም ሾርባ በካርቶን ላከለት። ይህ የሾርባ ነገር በ2023ቱ ውሳኔ ውስጥ ስለሚመለስ አንባቢ ይያዝልኝ።

እነዚያ ቆርቆሮዎች በአብዛኛው በእጅ የተሳሉ ናቸው። በዚያው ዓመት በኦገስት ግን ዋርሆል ወደ ስክሪን ፕሪንት ዞረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጋዜጣ ወይም ከመጽሔት የተገኘ ፎቶግራፍ ተቆርጦ፣ ግራጫው ጠፍቶ ጥቁርና ነጩ ብቻ እንዲቀር ተደርጎ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ይታተማል። በእንጨት ፍሬም የተወጠረ ስስ ጨርቅ ብርሃን የሚያደርቀው ኬሚካል ይቀባል፤ ፕላስቲኩ በላዩ ይነጠፍና ብርሃን ይበራበታል። ብርሃን ያገኘው ክፍል ይጠነክራል፤ በጥቁሩ ምስል የተጋረደው ሳይደርቅ ይቀርና በውኃ ይታጠባል። የታጠበው ቦታ ቀለም የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይሆናል። ሸራው ላይ አስቀድሞ የፊቱ፣ የከንፈሩና የመደቡ ቀለም ይቀባል። ከዚያ ጨርቁ በላዩ ይጋደምና ጥቁር ቀለም ፈስሶበት በጎማ መጥረጊያ ከዳር እስከ ዳር ይጎተታል። ፍሬሙ ሲነሳ ፎቶግራፉ ሸራው ላይ ነው። አንዳንዴ ቀለሙ ይበዛና ዓይኑ ይደፈናል፤ አንዳንዴ ይሳሳና ፊቱ ይጠፋል። ዋርሆል እነዚህን ጉድለቶች አያርማቸውም ነበር፤ ኮከቡ ሲደበዝዝ የሚታየው በእነሱ ውስጥ ነው።

ያ ፍሬም አንዴ ከተዘጋጀ አሥር ወይም ሃያ ጊዜ ማተም ቀላል ነው። መደጋገሙም የሥራው ልብ ነው። ዝነኛ ሰው ማለት ፊቱ ሳይቋረጥ የሚታተም ሰው እንደሆነ ዋርሆል ከማንም ቀድሞ አይቷል። ስለዚህ የፕሪንስ ፊት 16 ጊዜ መሠራቱ ስስት አይደለም፤ የሥራው መንገድ ነው። ይህንን የሚያቃልል ሰው ሥዕሎቹን ፊት ለፊት አላያቸውም።

ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚያ ጨርቅ ውስጥ የሚያልፈው ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ነበር፤ ዋርሆልም የዚህን ዋጋ ቀድሞ ያውቀዋል። በ1964 የአበባ ሥዕሎቹን የሠራው ከአንድ የፎቶግራፍ መጽሔት በወሰደው የፓትሪሺያ ኮልፊልድ ምስል ነው። ኮልፊልድ በ1966 ከሰሰችው፤ ነገሩ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። ሌሎች አንሺዎችም በተመሳሳይ ምክንያት ጠይቀውታል። ከዚያ ወዲህ ዋርሆል መነሻ ምስሎቹን ብዙ ጊዜ ፎቶውን ወዲያው በሚያወጣው በራሱ ፖላሮይድ ካሜራ ማንሳት ጀመረ። በ1970ዎቹ ሀብታሞች 25 ሺህ ዶላር እየከፈሉ ያሠሯቸው የቁም ሥዕሎች አብዛኞቹ የተነሱት ከእነዚያ ፖላሮይዶች ነው። በ1984 የሆነው ቫኒቲ ፌር ፎቶግራፉን በፈቃድ አግኝቶ ሰጠው፤ ፈቃዱ የት ላይ እንደሚያበቃ ግን ከፋይሉ ውጭ ያስታወሰ አልነበረም።

ዋርሆል ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1987 ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ በ58 ዓመቱ አረፈ። በኑዛዜው መሠረት የተቋቋመው ፋውንዴሽን ሀብቱን ይዞ ሠዓሊዎችንና የጥበብ ድርጅቶችን በገንዘብ ይደግፋል። ብዙ መልካም ሥራ የሠራ ተቋም ነው። ከ16ቱ የፕሪንስ ሥራዎች 12ቱ ለሌሎች ተላልፈዋል፤ 4ቱ በፒትስበርግ በስሙ ለተቋቋመው ሙዚየም ተሰጡ። የሁሉንም የማባዛት ፈቃድ የሚሸጠው ግን ፋውንዴሽኑ ነው።

በሦስቱ ፍርድ ቤቶች

ጎልድስሚዝ ሽፋኑን አይታ መብቷ እንደተጣሰ ለፋውንዴሽኑ አስታወቀች። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ቀድሞ ፍርድ ቤት የሄደው ፋውንዴሽኑ መሆኑን ነው። በ2017 ኒውዮርክ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ዋርሆል መብት አልጣሰም፣ ቢጥስ እንኳ ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው ተብሎ እንዲወሰንለት ጠየቀ። ጎልድስሚዝም በበኩሏ በተከሳሽ ከሳሽነት መልስ ሰጠች። ከትልቅ ተቋም ጋር ለዓመታት መሟገት ለአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ቀላል አይደለም። ብዙዎች በዚህ ደረጃ ይተዋሉ።

የፍትሐዊ አጠቃቀም ደንብ በ1976ቱ የአሜሪካ የቅጅ መብት ሕግ ውስጥ ይገኛል። ያለ ፈቃድ የተደረገ አጠቃቀም ፍትሐዊ መሆኑን ለመመዘን አራት ነገሮች ይታያሉ፦ የአጠቃቀሙ ዓላማና ባሕርይ፣ የተወሰደው ሥራ ዓይነት፣ የተወሰደው መጠን፣ እንዲሁም በመጀመሪያው ሥራ ገበያ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት። በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ የራፕ ቡድን የታወቀ ዘፈን ወስዶ በሠራው ማላገጫ ላይ ሲወስን በመጀመሪያው መመዘኛ ሥር አዲስ ትርጉም ወይም መልእክት መጨመሩ ትልቅ ቦታ እንዳለው ተናገረ። ከዚያ በኋላ ሥራን «መለወጥ» የሚለው ሐሳብ እየሰፋ ሄደ። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች አዲስ ትርጉም ከታየ ሌላውን መመዘኛ እስከ መርሳት ደረሱ።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በ2019 ለፋውንዴሽኑ ፈረደ። ዳኛው ጎልድስሚዝ ያነሳችውን ምቾት ያጣ ወጣት ዋርሆል ከሰው በላይ ወደሆነ ታላቅ ምስል ለውጦታል አሉ። እውነት ነው፤ ለውጦታል። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን በ2021 ውሳኔውን ሻረ። ዳኛ የጥበብ ሐያሲ ሆኖ የሥዕልን ትርጉም መተንተን የለበትም አለ። ማንም ሥዕሉን አይቶ የዋርሆል ነው ማለቱ ለዝነኛ ሠዓሊ ብቻ የሚሠራ ልዩ መብት ሊፈጥር አይገባም የሚለውም እዚያ ተጻፈ። ይህ ነጥብ ለእኔ ከባድ ነው። ስም የሌለው ሠዓሊ የማይፈቀድለት ለዋርሆል የሚፈቀድ ከሆነ ሕጉ የሚጠብቀው ዝናን ነው ማለት ነው።

ፋውንዴሽኑ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሲል ያነሳው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያው መመዘኛ፣ ዓላማና ባሕርይ። ኦክቶበር 12 ቀን 2022 በተደረገው የቃል ክርክር ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በ1980ዎቹ የፕሪንስ አድናቂ እንደነበሩ ጠቅሰው የፋውንዴሽኑን ጠበቃ ጠየቁት። ብርቱካናማውን ሥዕል በትልቅ ሰሌዳ አሳትመው፣ ለደገፉት ስፖርት ቡድን አንድ ቃል ጽፈውበት ወደ ስታዲየም ቢሄዱ ፋውንዴሽኑ ይከሳቸዋል ወይ? አዳራሹ ሳቀ። ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም። ፋውንዴሽኑ ለራሱ የሚሟገትለትን ነፃነት በራሱ ሥራ ላይ ለሌላ ሰው ይሰጣል ወይ የሚል ነው።

አብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ናቸው። የውሳኔው ኃይል ጥያቄውን በማጥበቡ ላይ ነው። ዋርሆል በ1984 ሥዕሉን መሥራቱ ልክ ነበር ወይ አላሉም። የጠየቁት በ2016 ስለሆነው ነገር ነው፤ ፋውንዴሽኑ ብርቱካናማውን ፕሪንስ ለኮንዴ ናስት ሲያከራይ የአጠቃቀሙ ዓላማ ምን ነበር? ስለ ፕሪንስ በሚያወራ መጽሔት ላይ ፕሪንስን ማሳየት። የጎልድስሚዝ ፎቶግራፎችም እንጀራቸው ይኸው ነው። በዚያው ሰሞን ፒፕል መጽሔት ለፕሪንስ መታሰቢያ እትሙ ከጎልድስሚዝ ፎቶግራፎች አንዱን በ1,000 ዶላር ተከራይቷል። ታይምና ሮሊንግ ስቶንም በሽፋናቸው ላይ የሌሎች አንሺዎችን ፎቶግራፍ አውጥተው ስማቸውን ጠቅሰዋል። ስለዚህ ሁለቱ ምስሎች በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ገበያ፣ ለአንድ ዓይነት ገጽ ተወዳድረዋል። አጠቃቀሙ ደግሞ የንግድ ነው። እንዲህ ከሆነ አዲስ ትርጉም መጨመሩ ብቻውን አይበቃም፤ የግድ ይህ ፎቶግራፍ የተወሰደበት ሌላ ምክንያት መቅረብ አለበት። ፋውንዴሽኑ አላቀረበም።

የሾርባው ቆርቆሮ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ሶቶማዮር ልዩነቱን በግልጽ አስቀምጠዋል። የካምቤል መለያ ሥራው ሾርባ መሸጥ ነው፤ የዋርሆል ሸራ ሾርባ አይሸጥም። ሥዕሉ ስለ ሸማችነት የሚናገረው ያንኑ መለያ በመያዙ ነው፤ ሌላ ነገር ቢሥል ነገሩ አይነገርም። በፕሪንስ ሥዕል ግን ስለ ዝና ለመናገር የግድ የጎልድስሚዝ ፎቶግራፍ አያስፈልግም፤ ማንኛውም የፕሪንስ ፎቶግራፍ ያገለግል ነበር። ይህ ክፍል ውሳኔውን የሚያነብ ሠዓሊ ሁሉ ደጋግሞ ሊያየው የሚገባ ነው። ፖፕ አርት ተከለከለ የሚለው ጩኸት መልሱ እዚያው ተጽፎለታል።

ሌላው ምክንያታቸው የመጽሐፍና የፊልም ጉዳይ ነው። ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲለወጥ ብዙ አዲስ ትርጉም ይጨመርበታል፤ ሆኖም ደራሲው ሳይፈቅድና ሳይከፈለው አይሠራም። አዲስ ትርጉም ብቻውን ነፃ የሚያወጣ ቢሆን ይህ የደራሲዎች መብት ይፈርሳል።

የልዩነት ሐሳቡን የጻፉት ዳኛ ኤሌና ኬገን ሲሆኑ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ተባብረዋቸዋል። ጽሑፋቸው የተቆጣ ነው፤ በዋርሆል ፍቅርም የተሞላ ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ የቬላስኬዝን የሮማ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሥዕል ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ከፍራንሲስ ቤከን ሥዕል ጎን አሳትመው ጥበብ ምንጊዜም ከቀደመው እየወሰደ እንደሚያድግ ያሳያሉ። ከሁሉም የሚከብደው ነጥባቸው ስለ አዘጋጁ ነው። ሁለቱን ምስሎች ፊቱ ያስቀመጠ የመጽሔት አዘጋጅ እኩል ናቸው ብሎ አይመርጥም፤ ኮንዴ ናስት የዋርሆልን የፈለገው የተለየ በመሆኑ ነው። ታዲያ እንዴት አንድ ዓላማ አላቸው ይባላል? ይህን ክርክር በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ባነበብኩት ቁጥር ልቤ ወደ እሳቸው ያዘነብላል።

እንደገና ወደ ፋይሉ ስመለስ ግን አልስማማም። ኬገን የሚፈሩት ሥዕሉ እንዳይሠራ ነው። ሥዕሉ ግን በ1984 ተሠርቷል፤ ያስከፈለውም 400 ዶላርና አንድ መስመር ስም ነው። ፈቃድ መጠየቅ ዋርሆልን አላገደውም፤ ሐምራዊው ፕሪንስ በጎልድስሚዝ ስም ታጅቦ ወጣ፣ ከውበቱም የጎደለ ነገር የለም። በ2016 ያው አሳታሚ ያንኑ መንገድ መድገም ይችል ነበር። ከ10 ሺህ ዶላሩ ጥቂቱ ለአንሺዋ ቢደርስ አንባቢው ከብርቱካናማው ሽፋን አንዳች አያጣም። ዋርሆል ራሱ በ1949 ኒውዮርክ ሲደርስ ካገኛቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ግላመር ለተባለ መጽሔት የሠራው ሥዕል ነው፤ ግላመርም የኮንዴ ናስት መጽሔት ነው። አሥር ዓመት ያህል በእንዲህ ያለ ክፍያ ኖሯል። የመጽሔት ገጽ ላይ የሚወጣ ምስል ዋጋ እንዳለውና ዋጋው ለሠሪው እንደሚከፈል እሱን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ውሳኔው የት እንደሚያበቃ

ዳኛ ኒል ጎርሰች ከዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ጋር ሆነው በአብላጫው ላይ ያከሉት አጭር ጽሑፍ አለ፤ ከነገሩ ሁሉ ለሥዕል ወዳጅ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። ፋውንዴሽኑ ሥዕሉን በሙዚየም ቢያሳየው፣ ወይም ስለ 20ኛው ክፍለ ዘመን ጥበብ በሚተነትን መጽሐፍ ውስጥ ቢያወጣው መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል ይላሉ። የሚመዘነው አጠቃቀሙ ነውና። አብላጫውም 16ቱ ሥራዎች ሲሠሩ፣ ለእይታ ሲቀርቡ ወይም ሲሸጡ ሕግ ተጥሷል ወይ በሚለው ላይ ምንም አስተያየት እንደማይሰጥ ጽፏል።

ውሳኔው ከሥዕል አልፎ ሄዷል። በ2024 የይግባኝ ፍርድ ቤት ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የድረ ገጽ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትን ቃኝቶ በነፃ ማዋሱ ፍትሐዊ አይደለም ሲል የተደገፈበት አንዱ ይህ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ በዴላዌር የተቀመጠ የፌዴራል ዳኛ የሕግ መረጃ አቅራቢው ቶምሰን ሮይተርስ ያዘጋጃቸውን ማጠቃለያዎች ወስዶ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማሠልጠን በተጠቀመው ሮስ ኢንተለጀንስ ላይ ሲወስን መጀመሪያ የጠየቀው የጎልድስሚዝን ጉዳይ ጥያቄ ነው፤ አጠቃቀሙ ከመጀመሪያው ሥራ ጋር በአንድ ገበያ ይወዳደራል ወይ? ይወዳደራል ብሎ ለቶምሰን ሮይተርስ ፈረደ።